ቲቪው ሲሰፋ ሰዉም አብሮ ሰፋ፤ መላ በሉኝ

ባለ43 | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡15

ሰላም ለቤቱ። ለፋሲካ 43 ኢንች ቲቪ ገዛሁ። የድሮዋ 21 ኢንች፣ ከኋላዋ ሆድ ያላት፣ ጓዳ ገባች። እስከዚህ ድረስ ደስታ ነው። ችግሩ የጀመረው እናቴ ዜና ልታይ ስትቀመጥ ነው። ዜና አንባቢዋን አይታ "ይህቺ ልጅ ምነው እንዲህ ወፈረች? ወልዳ ነው?" አለችኝ። ቀና ብዬ አየሁ። እውነትም ፊቷ ድፎ ዳቦ መስሏል። ከላይና ከታች ደግሞ ጥቁር መስመር አለ።

ሪሞቱን ስነካካ "ዙም" የሚል አገኘሁ። ጥቁሩ ጠፋ፣ ሰዎቹም ቀጠን አሉ። ግን ሌላ ቻናል ስቀይር ከታች የሚሮጠው ጽሑፍ ተቆረጠ። ኳስ ላይ ደግሞ በግራ ጥግ ያለው ውጤትና ሰዓት የለም። ታናሽ ወንድሜ ቲቪው ፊቱ ተገትሮ "ስንት ለስንት ናቸው?" ብሎ ለጓደኛው ይደውላል። 4፡3 የሚለውን ስጫን ግራና ቀኙ ጠቆረ። እናቴ "ለጥቁሩም ከፍለሃል ማለት ነው?" አለች።

ሪሲቨሩ የቆየ ነው። የተገናኘው በዚያ ቢጫ፣ ቀይና ነጭ ገመድ ነው። ቲቪውን የገዛሁበት ሱቅ ስደውል "ቲቪው ኤችዲ ነው፣ ችግሩ ሪሲቨሩ ነው" አሉኝ። ዲሽ የሚሠራ ሰው አስመጣሁ፤ "ሲግናሉ ሰላም ነው፣ ችግሩ ቲቪው ነው" ብሎ ሂሳቡን ተቀብሎ ሄደ። ማንን ልመን?

የኮልፌ_ዲሽ | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡50

እኔም ዲሽ ሠራተኛ ነኝ፤ በባልደረባዬ ክፉ አልናገርም። ግን ሜኑ እንኳ ሳይከፍት ሂሳብ ተቀብሎ መሄዱ ያሳፍራል።

ወንድሜ፣ ቲቪህም ዲሽህም ደህና ናቸው። የምስሉን ቅርጽ የሚወስኑት ሦስት ናቸው፤ ጣቢያው፣ ሪሲቨሩና ቲቪው። ሦስቱም ሳይነጋገሩ እያንዳንዳቸው "እኔ ላስተካክልልህ" ይላሉ። አንዱ ያጠበበውን ሌላው ይለጥጠዋል።

በ2012 ኢትዮሳት ሲመጣ የስንቱን ቤት ሰሃን ከናይልሳት ወደ 57 ዲግሪ ምሥራቅ አዞርን! ሰሃኑ ዞረ፣ ቻናሉ ኤችዲ ሆነ፣ ቲቪውም ተቀየረ። የሪሲቨሩን ሜኑ ግን ማንም አልነካው። ያንተ ሪሲቨር አሁንም የሚያስበው ከፊቱ ያለችው ያቺ ጓዳ የገባችው 21 ኢንች እንደሆነች ነው። ስለዚህ ሰፊውን ምስል ከላይና ከታች ጥቁር አስገብቶ ወደ 4፡3፣ ማለትም ወርዱ አራት እጅ ቁመቱ ሦስት እጅ ወደሆነው የድሮ ቅርጽ ያጠበዋል። ቲቪህ ደግሞ የተሰጠውን ይዞ ግራና ቀኝ እስኪሞላ ይስበዋል። ዜና አንባቢዋ የወፈረችው እዚያ ላይ ነው።

ሜኑ ውስጥ ግባና "ቲቪ ሲስተም" ወይም "ኤቪ ሴቲንግ" የሚለውን ክፈት። "አስፔክት ሬሾ" ወይም "ስክሪን ሞድ" ይልሃል። ምን ላይ እንዳለ ንገረኝ። 4፡3 እንደሚሆን በቡና እወራረዳለሁ።

የመርካቶ_ልጅ | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡05

ምን አስጨነቀህ? እኔ ሁሌም ሙሉ ስክሪን ነው የማየው። በሁለተኛው ቀን ዓይን ይለምደዋል። ለ43 ኢንች ብር ከፍዬ ግማሹን ጥቁር ላድርገው? ደግሞ ጥቁሩ ብዙ ከቆየ ስክሪኑ ላይ ምልክት ይተዋል ይባላል።

ባለ43 | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡20

@የኮልፌ_ዲሽ ቡናው ያንተ ነው። "4፡3 ኤልቢ" ይላል። ሰፊውን፣ 16፡9 የሚለውን አደረግኩት። ኤችዲ ቻናሎቹ ወዲያው ተስተካከሉ፤ ዜና አንባቢዋ ከስታለች፣ እናቴም "እሰይ" ብላለች። ግን አንዳንድ ቻናል ላይ ሰው አሁንም ወፍራም ነው። ደግሞስ ትክክለኛውን በምን አውቃለሁ? አንዳንዱ ሰው እኮ ወፍራም ነው።

ጡረተኛው_ካሜራማን | ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 1፡30

ልጆች፣ ሰውን አትመልከቱ። ሰው ያታልላል። ክብ ነገር ፈልጉ። ከፊት ለፊት የተቀረጸ የግድግዳ ሰዓት፣ የመኪና ጎማ፣ ክብ የሆነ የጣቢያ ዓርማ። እንቁላል ከመሰለ ምስሉ ተለጥጧል። ክብ ከሆነ ሰውየው በራሱ ወፍራም ነው፤ ተዉት።

አንዳንዶች የኳስ ሜዳውን የመሐል ክብ ያያሉ። እሱ አይሆንም፤ ካሜራው በሰያፍ ስለሚያየው ሁልጊዜም እንቁላል ነው።

ሰላሳ ዓመት ሰርግ ቀርጫለሁ፤ አብዛኛውን በ4፡3። ይህ ቅርጽ የመጣው ከቴሌቪዥን አይደለም። ከድምፅ አልባው ፊልም ዘመን የወረስነው ነው፤ የ35 ሚሊ ሜትር ፊልም በአራት የጎን ቀዳዳ ቁመት ሲከፈል የሚሰጠው ፍሬም ነው። ቴሌቪዥን ሲመጣ ያንኑ ያዘ። ሲኒማው ደግሞ ከቴሌቪዥኑ ለመለየት ብሎ ሰፋ፤ 2.35 ለ1 እስከመሆን ደረሰ። 16፡9 የሁለቱ ሽማግሌ ነው። በፈረንጆቹ 1980ዎቹ ኬርንስ ፓወርስ የሚባል አሜሪካዊ መሐንዲስ የነበሩትን ቅርጾች ሁሉ እኩል የቦታ ስፋት ባላቸው አራት ማዕዘኖች እየደራረበ ሲያያቸው፣ ሁሉንም ያለ ብዙ ብክነት የሚያቅፈው 1.78 ለ1 አካባቢ፣ ማለትም 16፡9 ሆኖ አገኘው። ሽማግሌ ስለሆነ ማንንም ሙሉ ለሙሉ አላስደሰተም። ለድሮው ምስል ጎን ላይ ጥቁር ይተርፋል፣ ለሲኒማው ከላይና ከታች።

ስለዚህ ጥቁሩ ብልሽት አይደለም። ካሜራማኑ ያልቀረጸው ቦታ ነው።

የሒሳብ_አስተማሪ | ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 4፡10

@የመርካቶ_ልጅ "ግማሹን ጥቁር" ላልከው በሜትር እንየው። 43 ኢንች ቲቪ ወርዱ ወደ 95 ሴንቲ ሜትር፣ ቁመቱ 53 ተኩል ያህል ነው። 4፡3 ምስል ሙሉ ቁመቱን ይዞ ሲቀመጥ ወርዱ 71 ሴንቲ ይሆናል። በየጎኑ የሚቀረው ጥቁር 12 ሴንቲ ገደማ ነው፤ አንድ ጭብጥ ከአውራ ጣት ጋር። ሩቡ እንጂ ግማሹ አይደለም።

ያ የቀረው ምስል ከጥግ እስከ ጥግ ሲለካ 35 ኢንች ነው። ጓዳ የገባችው 21 ነበረች። የተቀነሰብህ ነገር የለም፣ 14 ኢንች ተጨምሮልሃል።

ስትለጥጠው ደግሞ ሁሉም ነገር በወርዱ 33 በመቶ ይሰፋል። 60 ሴንቲ ትከሻ 80 ይሆናል። ዙም ስታደርገው ቅርጹ ይተርፋል፣ ግን ከቁመቱ ሩቡ ይቆረጣል፤ ከላይ 12 ተኩል በመቶ፣ ከታች 12 ተኩል በመቶ። የጠያቂው ወንድም ውጤት ያጣው ለዚህ ነው። ውጤት የሚጻፈው እዚያው ከላይ ነው፣ የሚሮጠው ጽሑፍም እዚያው ከታች።

የመርካቶ_ልጅ | ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 4፡25

እሺ መምህርት፣ ተሸነፍኩ። ምልክት ይተዋል የሚባለውስ?

የኮልፌ_ዲሽ | ረቡዕ፣ ከቀኑ 6፡40

ያ ወሬ ከየት እንደመጣ ልንገርህ። ፕላዝማ ቲቪ ላይ እውነት ነበር። ኦሌድ በሚባለው የስክሪን ዓይነት ላይም ቀን ከሌት አንድ ዓይነት ጥቁር ከቆመ ያሰጋል፤ መሐሉ ይሠራል፣ ጎኑ ያርፋል፣ እኩል አያረጁም። የብዙዎቻችን ግን ተራ ኤልኢዲ ነው። እሱ ላይ ለዚህ ብለህ እንቅልፍ አትጣ።

@ባለ43 አሁን ወፍራም ሆኖ የቀረብህ ምናልባት አሁንም 4፡3 የሚያሰራጭ ቻናል ነው። ሪሲቨሩ 16፡9 ላይ ሆኖ እሱን እየለጠጠው ይሆናል። እዚያው ሜኑ ላይ "ፒላርቦክስ" (ጎን ላይ ጥቁር የሚተወው) ወይም "ኦቶ" የሚል ካለ እሱን አድርግ። "ፉል" የሚለውን አትንካ።

አሁን ደግሞ ዋናውን ልጠይቅህ። ሪሲቨሩን ገልብጠህ ጀርባውን እየው። ኤችዲኤምአይ ቀዳዳ አለው?

ሚሚ_ሲልቨርስፕሪንግ | ረቡዕ፣ ከቀኑ 9፡15

እኔ አሜሪካ ነኝ፤ እዚህ ዲሽ የለንም፣ የአገር ቤቱን ሁሉ በዩቲዩብ ነው የምናየው። የድሮ ድራማ ስከፍት ግማሹ ተለጥጦ ነው የተጫነው። ተዋናዮቹን በልጅነቴ ቀጫጭን አድርጌ ነበር የማስታውሳቸው! አክስቴ "ያኔም እንዲህ ነበሩ፣ አንቺ ነሽ የረሳሽው" ትለኛለች። በሪሞቴ ብነካው ብነካካው ዩቲዩብ ላይ ምንም አይለወጥም። የሚስተካከል ነገር ነው?

ደግሞ ሌላ ነገር አስታወሳችሁኝ። ድሮ ከአዲስ አበባ ካሴት ሲላክልን እዚህ ማጫወቻ ላይ አይሠራም ነበር። የእናንተ የቪዲዮ ሥርዓት ፓል፣ የዚህ ኤንቲኤስሲ። ለሥርዓቱ ማስቀየሪያ ገንዘብ ከፍለን ነበር ሰርግ የምናየው።

ጡረተኛው_ካሜራማን | ረቡዕ፣ ከቀኑ 10፡00

ሚሚዬ፣ አክስትሽን ሰላም በይልኝ፤ ግን ተሳስተዋል። ያኔ ሁላችንም ቀጫጭን ነበርን።

የጫነው ሰው ለጥጦ ከጫነው ፋይሉ ራሱ ተለጥጧል። ቲቪሽ የመጣለት "ይህ 16፡9 ነው" የሚል ምስል ስለሆነ ይታዘዛል። አንዳንድ ቲቪ ከዩቲዩብ ለሚመጣ ምስል የቅርጽ ቁልፉን ይከለክላል፤ ያንቺም ከእነሱ ይመስላል። ኮምፒውተር በኤችዲኤምአይ ሰክተሽ ካየሽው ግን ቲቪው እንደማንኛውም ዕቃ ስለሚቆጥረው 4፡3 የሚለው ይፈቀድልሻል። ያን ጊዜ መልሶ ያጠበዋል። የጠፋ ነገር የለም፤ የተሳበ ነገር ወደ ቦታው ይመለሳል። የተቆረጠ ግን አይመለስም።

የሚያናድደኝ የግለሰቡ አይደለም። ጣቢያ ሆኖ የቆየ ፊልም ከመዝገብ ቤት አውጥቶ ለጥጦ የሚያሳየው ነው። ስንት ታሪክ የሠራ ሰው በመታሰቢያው ቀን እንደ ሊጥ ተዳምጦ ይቀርባል። በሽግግሩ ዘመን እንግሊዞች 14፡9 የምትባል መሐል ሰፋሪ ነበረቻቸው፤ ከላይና ከታች ትንሽ ቆርጠው፣ ጎን ላይ ቀጭን ጥቁር ትተው፣ የሰውየውን ፊት ሳይነኩ ያልፉ ነበር። ዘዴው ከባድ አይደለም። የሚፈልገው ኤዲቲንግ ላይ የተቀመጠው ልጅ አንዴ ቆም ብሎ እንዲያይ ብቻ ነው።

የሒሳብ_አስተማሪ | ረቡዕ፣ ከቀኑ 10፡20

ጋሼ፣ አሁን ደግሞ በስልክ በቁሙ የተቀረጸው መጥቷል። 9፡16 ምስል 16፡9 ስክሪን ላይ ሲቀመጥ የሚይዘው 32 በመቶ ገደማውን ነው። ሁለት ሦስተኛው ባዶ ነው። ያን ባዶ ለመሙላት ያንኑ ምስል አደብዝዘው ግራና ቀኝ ያደርጉታል። እኔን ያዞረኛል። ጥቁሩ ይሻለኝ ነበር።

ባለ43 | ሐሙስ፣ ከምሽቱ 1፡40

ኤችዲኤምአይ ቀዳዳው አለ! አቧራ ሞልቶት ነበር። እስካሁን ማንም አልነገረኝም። ገመድ ገዝቼ ሰካሁ፣ ሪሲቨሩን 1080 ላይ አደረግኩት። ልዩነቱ ሌላ ነው፤ የዜና አንባቢዋ የጆሮ ጌጥ እንኳ ይታያል።

አንድ ነገር ብቻ ቀረ። ቅርጹ ልክ ነው፣ ሰዓቱም ክብ ነው፣ ግን ዙሪያውን ትንሽ የተቆረጠ ይመስላል። የጣቢያው ዓርማ ጥግ ላይ ተለጥፎ ጫፉ ጎድሏል።

የኮልፌ_ዲሽ | ሐሙስ፣ ከምሽቱ 2፡00

እሷ ኦቨርስካን ናት። የድሮው ሆዳም ቲቪ የምስሉን ጫፍ ከፕላስቲኩ ሥር ይደብቅ ነበር፤ ጠርዙ ስለማያምር። አዲሱ ቲቪ የሚደብቀው ነገር የለውም፣ ግን ልማዱን ይዞት መጣ። ምስሉን ትንሽ ያጎላና ዙሪያውን ይገፋዋል።

ማጥፊያው የምስል መጠን ሜኑ ውስጥ ነው፤ ስሙ ግን እንደየፋብሪካው ነው። ኤልጂ "ጀስት ስካን" ይለዋል። ሳምሰንግ "ስክሪን ፊት" ወይም "ፊት ቱ ስክሪን" ይለዋል። ሶኒ ላይ "ፉል ፒክስል" የሚል ፈልግ። ያንተ ሌላ ከሆነ "1፡1" ወይም "ኦቨርስካን ኦፍ" የሚል አይጠፋም። በቢጫው ገመድ ላይ ሆነህ ብትፈልገው አታገኘውም ነበር፤ ብዙ ቲቪ ላይ የሚከፈተው በኤችዲኤምአይ ሲመጣ ነው።

ከዚህ በኋላ ቲቪውን 16፡9 ላይ አድርገህ ሪሞቱን አስቀምጥ። 1920 በ1080 ነጥብ ያለው ስክሪን ሁልጊዜ 16፡9 ነው። 4፡3 ሲመጣ ሪሲቨሩ ራሱ 1440 ላይ ያቆመውና በየጎኑ 240 ጥቁር ይሞላል። ሲኒማ ሲመጣ ጥቁሩ ከላይና ከታች ተሠርቶ ነው የሚመጣው። ቲቪው ምንም እንዲያስብ አትጠይቀው።

ባለ43 | ሐሙስ፣ ከምሽቱ 2፡35

አገኘሁት፣ ጠፋ! የወንድሜ ውጤትም ሙሉ ነው፤ እየተሸነፉ ነው እንጂ።

ጋሼ ካሜራማን፣ እርስዎን አንድ የቤት ጉዳይ ልጠይቅዎት። የእናትና የአባቴ ሰርግ የ1984 ነው። በካሴት ነበር፤ ባለፈው ዓመት አንድ ስቱዲዮ ወደ ፍላሽ ገልብጦ ሰጠን። "ሙሉ ስክሪን አድርገንላችኋል" ብለው ነበር፣ እኛም አመሰገንን። አሁን ይህን ክር ካነበብኩ በኋላ ከፍቼ አየሁት። አባቴ ረጅምና ቀጭን ነበር። ቪዲዮው ላይ አጭርና ደንዳና ነው። ካሴቱ አሁን የት እንዳለ አናውቅም። ጠፍቷል ማለት ነው?

ጡረተኛው_ካሜራማን | ሐሙስ፣ ከምሽቱ 3፡10

ልጄ፣ ቶሎ አትዘን። መጀመሪያ ለጥጠውት ወይስ ቆርጠውት እንደሆነ እንወቅ። ቪዲዮው ውስጥ ክብ ነገር ፈልግ። በማስመሪያ ለካው፤ ወርዱንም ቁመቱንም። ሁለተኛ፣ ሰው ቆሞ ሲታይ ራስና እግር ሙሉ ነው ወይስ ጎድሏል? በእኛ ጊዜ ሙሽራ ቆማ ራሷን መቁረጥ ነውር ነበር። ከተቆረጠች እኛ አይደለንም፣ ስቱዲዮው ነው።

ባለ43 | ሐሙስ፣ ከምሽቱ 3፡45

ምስሉን አቁሜ ስክሪኑ ላይ ለካሁ። አያቴ ሳሎን ግድግዳው ላይ ክብ ሰዓት አለ፤ ስምንት ሰዓት ከሩብ ይላል። ወርዱ 16 ሴንቲ፣ ቁመቱ 12። ራስ አልተቆረጠም። የእናቴ ቬሎ ጫፍ ሳይቀር ምንጣፉ ላይ ይታያል።

የሒሳብ_አስተማሪ | ሐሙስ፣ ከምሽቱ 3፡50

16 ለ12 ማለት 4 ለ3 ነው። 33 በመቶ፣ ዝንፍ ሳይል። ለጥጠውታል እንጂ አልቆረጡትም!

ጡረተኛው_ካሜራማን | ሐሙስ፣ ከምሽቱ 4፡00

እንግዲህ አባትህ እዚያው አሉ። ፍላሹ ላይ ሲጫወት ቲቪውን 4፡3 አድርገው፤ በቃ። ኮምፒውተር ላይ ከሆነ ቪኤልሲ የሚባለውን የቪዲዮ ማጫወቻ ክፈትና ኤ የምትባለውን ፊደል 4፡3 እስኪል ደጋግመህ ተጫን። ለዘለቄታው ደግሞ ቪዲዮ የሚያውቅ ልጅ ፋይሉን 4፡3 አድርጎ እንዲያስቀምጥልህ ጠይቅ። ካሴቱንም መፈለግህን አታቁም፤ ካሴት ከተገኘ ሁልጊዜ ከካሴቱ እንደገና መገልበጥ ይሻላል። ስትሰጣቸው ግን "ሙሉ ስክሪን አታድርጉልኝ" በላቸው። አፍህን ሞልተህ በላቸው።

ባለ43 | ዓርብ፣ ከምሽቱ 1፡20

ትናንት ማታ እናቴን አስቀመጥኳት። 4፡3 አድርጌ ከፈትኩት። ስለ ጥቁሩ ምንም አላለችም። አባቴ ኬክ ሲቆርስ ጎንበስ ሲል "ይኸው፣ ይቺ ጎባጣው" ብላ ሳቀች። በጣም ረጅም ስለነበር ሰው ፊት ጎንበስ ይል ነበር። ተለጥጦ ሳለ ይህ ጭራሽ አይታይም ነበር።

አሁን የቀረኝ ሌላ ችግር ነው። ሪሞቱ ላይ የቅርጽ መቀየሪያዋ ቁልፍ ከድምፅ መጨመሪያዋ አጠገብ ናት። እናቴ ድምፅ ስትጨምር በቀን ሦስት ጊዜ ዜና አንባቢዋን ታወፍራታለች። ቁልፏ ላይ ፕላስተር ለጠፍኩባት።

ሚሚ_ሲልቨርስፕሪንግ | ዓርብ፣ ከምሽቱ 2፡05

ፕላስተሩ በሳምንት ይላቀቃል፤ አክስቴ ላይ ሞክሬዋለሁ። የወፍራም ካርቶን ቁራጭ ቁልፏ ላይ አድርግና ከላዩ ሰፊ ስኮች ዙሪያውን ጠቅልለው።